የጠፋ ሰው የማን ነው?

ባለፈው እሑድ ረፋዱ ላይ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ተክለ ሃይማኖት ለመውረድ ስንል በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ጥቂት ቆም አልን። ያቆመን ወንዙ አልነበረም፤ በዚያ ድልድይ ላይ ወንዙን ለማየት ብሎ የቆመ ሰው እኛ እስከ ዛሬ አላየንም። ያቆመን በአንድ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ አለ፤ ዕድሜዋ 16፥ መልኳ ጠይም፥ በወጣችበት ቀን የለበሰችው ሰማያዊ ሹራብ መሆኑ ተጽፏል። ከዚያ በታች እንደ ተለመደው፥ ያለችበትን ያየ ወይም የሰማ ሰው ቢነግረን ወሮታውን እንከፍላለን የሚል ቃል ይገኛል። ከወረቀቱ ሥር ዝናብና ፀሐይ የበሉት ሌላ ወረቀት አለ፤ ከዚያም ሥር ሌላ። ከአንዱ የቀረው ግንባርና አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ድልድዩ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር የነበሩት፥ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት፥ ሰውም አባ መላ እያለ በፍርድ አዋቂነታቸው የሚያነሣቸው እኒህ ታላቅ ሰው፥ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ከወገናቸው የተለዩ እንደ ነበሩ ይነገራል። እንግዲህ ድልድዩ የሚጠራው ከናት ካባቱ በተለየ ልጅ ስም ነው ማለት ነው። ይህን ያስታወስነው ግን በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ያሰብነው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ገና ከቦታው አልሄደም ነበር።

ሰውዬው ጋቢ የደረቡ፥ ከስልሳ ዓመት የማያንሱ ሽማግሌ ናቸው። በአንድ እጃቸው የተጠቀለለ ወረቀት፥ በሌላው የሙጫ ቆርቆሮ ይዘዋል። ስናነብ አይተው፦

«ልጄ፥ ንባብ ታውቃለህ?» አሉን።

«አዎን አባቴ፥ እናውቃለን።»

«እስቲ ጮኽ ብለህ አንብብልኝ። የጻፈልኝ ሰው ልክ አድርጎ ጽፎት እንደ ሆነ ልስማ።»

አነበብንላቸው። ስለ ሹራቡ የተጻፈው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«ሰማያዊ? አረንጓዴ ነው እንጂ! እኔ አረንጓዴ ነው ያልሁት።»

ነገሩን እየጠየቅን ከሰማናቸው እንደሚከተለው ነው። ልጅቱ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ያሳደጓትም እርሳቸው ናቸው። አገራቸው መንዝ ነው። ከጠፋች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ማታ ሳትመለስ በቀረችበት ዕለት ጥሩንባ ተነፋ፤ ጥሩንባውን የሰማ ሁሉ ቤቱን ትቶ ወጣ። ጎረምሶቹ ችቦ አብርተው ገደል ለገደል ሲጣሩ አደሩ። ሴቶቹ ምንጭ ለምንጭ ሄዱ። በነጋታው ዱካ የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ መጣ፤ ነገር ግን ሌሊቱን ያን ያህል እግር ስለ ረገጠው የልጅቱን ዱካ ከፈላጊዎቿ ዱካ መለየት አልቻለም። ቅዳሜ በገበያ ተነገረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ለሕዝቡ አሳሰቡ። በአራተኛው ቀን አንዲት ጠላ ሻጭ፥ ልጅቱን ከአንድ የማታውቀው ሰው ጋር አስፋልቱ ዳር ቆማ እንዳየቻት፥ ሰውየውም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ አውቶቡስ እጁን ሲያነሣ እንደ ነበር ተናገረች። ደላላ ነው ማለት ነው። የቤት ሠራተኛ ትሆኚያለሽ፥ ደመወዝ ታገኛለሽ ብሎ የወሰዳት።

አንባቢ ልብ ይበልልን። መኪና የሌለው፥ ሬዲዮ መገናኛ የሌለው፥ በጀት የሌለው አንድ የገጠር ቀበሌ ልጅቱ በምን ሰዓት፥ ከማን ጋር፥ በየት አቅጣጫ እንደ ሄደች በአራት ቀን ውስጥ አወቀ። ከዚያ በኋላ ግን ፍለጋው አስፋልቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ጥሩንባው ከአስፋልቱ ወዲህ አይሰማም። ከዚያ የሚቀጥለው የመንግሥት እጅ መሆን ነበረበት።

ሽማግሌው ወደ መንግሥት አልሄዱም አይደለም፤ ሄደዋል። በአንደኛው ጣቢያ «የጠፋችው ከዚያኛው ወረዳ ስለ ሆነ እዚያ ያመልክቱ» ተባሉ፤ በሁለተኛው «ወደ አዲስ አበባ ከሄደች ጉዳዩ የአዲስ አበባ ነው» ተባሉ፤ በሦስተኛው ደግሞ አንድ ወጣት ሹም «አይዞዎት፥ አባባ፤ ዕድሜዋ ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ነው፤ ስትራብ ትመጣለች» ብሎ በትሕትና ሸኛቸው። የጣቢያዎቹን ስም ነግረውናል፤ እኛ ግን አንጽፈውም፤ ነገሩ የአንድ ጣቢያ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም ባላባከንን ነበር። ከሦስቱ በአንዱም ቢሆን የልጅቱ የሹራብ ቀለም አልተመዘገበም። የሹራቡን ቀለም የጻፈው ፎቶግራፉን ያባዛላቸው የሱቅ ልጅ ነው፤ እርሱም ተሳስቶ ጻፈው።

ስለዚህ ነገር ስናስብ ወደ አሮጌው ሥርዓት መለስ ብለን ማየት የሚጠቅም ይመስለናል። አንዱ አውራጃ አውጫጭኝ፥ ሌላው አፈርሳታ የሚለውን ጉባኤ አብዛኞቻችን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተነዋል። ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ያልታወቀ እንደ ሆነ፥ ከብት ቢሰረቅ ወይም ሰው ሞቶ ቢገኝ፥ የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቃል። ቃሉ ራሱ እርስ በርስ መወጣጣትን ያሰማል። ተናጋሪው በጠላትነት እንዳይታይ ሲባልም «ወፍ ነገረችኝ» እየተባለ ይወራል፤ ወፏ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም። ነገሩ ያልወጣ እንደ ሆነ ጉባኤው በሌላ ቀን ደግሞ ይጠራል፤ በመጨረሻም ሠሪው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል። ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን ይህ ጉባኤ በገጠር ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

ይህን ስንል አሮጌውን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። ትምህርት ቀመስ የሆንነው ወጣቶች ሁለት መጥፎ ልማድ አለን፦ ወይ የአባቶቻችንን ነገር ሁሉ እንንቃለን፥ ወይ ደግሞ ከባሕር ማዶ አንድ ፕሮፌሰር ስለ እርሱ የጻፈ እንደ ሆነ በድንገት እናመልከዋለን። አውጫጭኝ ገበሬውን ከእርሻው አፈናቅሎ በሜዳ ያውል ነበር፤ ቂም ያለበት ሰውም በወፍ ስም ባላንጣውን ይወጋ ነበር። ያላጠፋ ከአጥፊው ጋር ይከፍል ነበር። ከዚህም የባሰው ሌባ ሻይ የሚባለው ነው፤ አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ በገመድ እየተያዘ ይለቀቃል፤ ደንግዞ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ይህ በመቅረቱ የሚያዝን ሰው ያለ አይመስለንም።

ነገር ግን አውጫጭኝ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ይኸውም የሚፈለገው ነገር ያለው በሰው አፍ ውስጥ መሆኑን ነው። ጠላ ሻጯ ያየችውን ያወቀችው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የተናገረችው በአራተኛው ቀን ነው። ለምን ብለን ሽማግሌውን ብንጠይቃቸው «ማን ጠየቃት?» ሲሉ መለሱልን። አውጫጭኝ የሚጠይቅ ሰው ነበረው። ከዚህም በቀር፥ ይህ የኔ ወረዳ አይደለም የሚል ሰበብ አያውቅም ነበር፤ ነገሩ የወደቀበት አገር ባለቤት ነው።

ዛሬ ሕጋችን ምን ይላል? ከትምህርት ቤት ከወጣን ብዙ ስላልሆነን መጽሐፉ ገና ከእጃችን አልጠፋም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 22፥ ፖሊስ ወንጀል መሠራቱን ባወቀ ወይም በጠረጠረ ጊዜ ምርመራ ማድረግ እንዳለበት፥ የደረሰውም ወሬ የሚያጠራጥር ቢመስለው እንኳ ምርመራውን መተው እንደማይችል ያዛል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ችግሩ ግን መጥፋት በራሱ ወንጀል አለመሆኑ ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ መቅረቱን ሕግ አይከለክልም። እንግዲህ የተጎዳ ሰው ሳይታይ፥ ደም ሳይታይ፥ ከሳሽና ተከሳሽ ሳይኖር፥ «ልጄ ጠፋችብኝ» የሚል ሰው ብቻ ሲቀርብ፥ በጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ሹም የትኛውን መዝገብ ይክፈት? ክፋት ሳይኖረው በመጠበቅ ያሳልፈዋል። የሚጠብቀው ነገር ወንጀል ሆኖ እስኪመጣለት ድረስ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አውቶቡሱ አዲስ አበባ ከገባ ሰንብቷል።

ብዙ ሰው ፖሊስ የጠፋ ሰው ለመፈለግ 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት ብሎ ያምናል። ይህ ከውጭ አገር ሲኒማ የተማርነው ነገር ነው። ሲኒማው በሚሠራበት በአሜሪካ አገር እንኳ ልጅ ሲጠፋ ፖሊስ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ እንዲመዘግብ በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣ ሕግ ታዟል። በ1996 ደግሞ በቴክሳስ አምበር የተባለች አንዲት ሕፃን ተሰርቃ ከተገደለች በኋላ፥ የተጠለፈ ልጅ ወሬ ወዲያው በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገርበት ሥርዓት በስሟ ተቋቋመ። በጃፓን አገር መንደሮች በምሰሶ ላይ የተሰቀለ የድምፅ ማጉያ አላቸው፤ አንድ ሽማግሌ መንገድ ጠፍቶት የቀረ እንደ ሆነ መልኩና ልብሱ ለመንደሩ ሁሉ ይነገራል። ይህን ስናነብ ሳቅ መጣብን፤ የመንዙ ጥሩንባ በኤሌክትሪክ ሆነ እንጂ ሌላ ምን ተጨመረበት?

በአገራችን ፖሊስና ገበሬ አብረው ፈልገው ያገኙበት ጊዜ የለም ማለታችን አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሰኔ ወር በከፋ አካባቢ ከቢጣ ገነት አጠገብ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሰባት ሰዎች አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ብለው ጠለፏት፤ ከሳምንት በኋላ ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቹን አባረሩ፤ ፖሊሶችና ዘመዶቿ እስኪደርሱም ድረስ አንበሶቹ አጠገቧ ቆይተው ከዚያ በኋላ ወደ ጫካቸው ተመለሱ ተባለ። ወሬው በየአገሩ ጋዜጣ ወጣ። ባለሙያዎች ነን ያሉትም አንበሶቹ ለምን እንዳልበሏት ሲከራከሩ ሰነበቱ፤ ለቅሶዋ የደቦል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል ያለም ነበር። አንድም ሰው ግን «ፖሊሶቹና ዘመዶቿ እዚያ ጫካ ውስጥ እንዴት ደረሱ?» ብሎ ሲጠይቅ አላየንም። አንበሶቹ ባይመጡ ኖሮ እንኳ ሰዎቹ ይመጡ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ፍለጋ ላይ ነበሩና። እኛ ይህን ነገር ከአንበሶቹ ይልቅ እናደንቀዋለን። ጠለፋን በዘመናት ልማድ እንደ ሠርግ መጀመሪያ ይቆጥር በነበረ አገር፥ ዘመዶቿ ለሽምግልና ከመቀመጥ ይልቅ ከፖሊስ ጋር ጫካ ገቡ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ወድዳ ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፤ ይህን ያስቀረውና ለጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት እሥራት የወሰነው አዲሱ የወንጀል ሕግ መጽናት የጀመረው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ልጅቱ የተገኘችው ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሕግና ሕዝብ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይገጣጠማሉ።

ሳይገጣጠሙ የቀሩበትንም መናገር ይገባናል፤ ይልቁንም አንባቢዎቻችን ተማሪዎች ስለ ሆኑ ዝም ብንል እናፍራለን። በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር ማለቂያ ገደማ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች፥ አብዛኞቹ ሴቶች፥ በመንገድ ላይ ታግተው ተወሰዱ። በጥር ወር 21 ተማሪዎች ተለቀቁ የሚል መግለጫ ከመንግሥት ወጣ፤ በአማራ ክልል ያሉ ብዙ ወላጆች ግን የእኛ ልጆች ከነዚያ ውስጥ አይደሉም፥ ስልካቸውም አይሠራም እያሉ ቀሩ። በዚያው ወር በክልሉ ከተሞች ሕዝብ «ልጆቻችን የት ናቸው?» ሲል በሰልፍ ወጣ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ተወሰዱ። በዚህኛው ጊዜ ወላጆች የልጆቻቸውን ድምፅ የሰሙት ገንዘብ በሚጠይቅ ስልክ ነው።

ማንም ሰው እነዚህን ልጆች ማዳን ቀላል ሥራ ነው አይልም። ጫካው ሰፊ ነው፤ መሣሪያ የያዘ አለበት። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ለወላጅ የሚነገር ቃል ጫካ መግባት አይጠይቅም። ስንት ልጆች እንደ ጠፉ፥ ስማቸው ማን እንደ ሆነ፥ ዛሬ ምን እንደ ተደረገ፥ ምንስ እንዳልታወቀ፥ በየሳምንቱ አንድ ሹም ወላጆቹን ሰብስቦ ቢነግራቸው ኖሮ፥ ያ ሁሉ ሰው ወሬ ለመልቀም ከአንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው፥ ከአንዱ ጠንቋይ ወደ ሌላው ባልተንከራተተ። የሰው ቍጥር ከቀን ወደ ቀን ሲለዋወጥ የሰማ ወላጅ ልጁን ሁለት ጊዜ ያጣል።

በእኛ ልማድ ለሞተ ሰው ሥርዓት አለ። መርዶ ይነገራል፥ እርም ይወጣል፥ ድንኳን ይተከላል፤ ዕድር ወንበርና ሰሐን ያመጣል፥ ጎረቤት ያስተዛዝናል። ለጠፋ ሰው ግን ድንኳን አይተከልም። እርሙን ቢያወጡ ልጅን በገዛ እጅ እንደ መቅበር ይመስላቸዋል፤ ባያወጡ ደግሞ በር ባንኳኳ ቍጥር ይነሣሉ። ታላቁ ደራሲ በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ፤ መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ልብ ወለዶቹን የምናነብ ሁሉ መቃብሩ የት እንደ ሆነ አናውቅም። በዚያው መንግሥት ዘመን የተገደሉ ብዙዎች መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ከየጉድጓዱ ሲወጡ፥ በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የአፅም ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው ልዩ ዐቃቤ ሕጉን ረድተዋል፤ በራሳቸው አገር የጠፉ ሰዎችን አፅም ሲፈልጉ የሠለጠኑ ናቸው። ያን ጊዜ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ልብስና ጫማ ለይተው ያወቁ፥ አፅሙን ተረክበው የቀበሩ ቤተሰቦች አለቀሱ፤ ቢሆንም እፎይ አሉ። ጣሊያኖችም በ2006 ዓ.ም. መስከረም በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ 368 ስደተኞች፥ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፥ ከሰጠሙ በኋላ የሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ክሪስቲና ካታኔዮና ባልደረቦቿ የሟቾቹን ስም ለማግኘት ዓመታት ደክመዋል። ለባዕድ ሬሳ ይህን ያህል የሚደከመው ለምንድር ነው የሚል ሰው ቢኖር የሃብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ምሰሶ ሄዶ ይመልከት።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ጭንቅ አልዘነጋውም። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ይህ ሕግ በቁጥር 154፥ አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ ለፍርድ ቤት አመልክቶ መጥፋቱ እንዲወሰንለት ይፈቅዳል። ይህ ውሳኔ ጋብቻን ያፈርሳል፥ ንብረትም ለወራሾች እንዲተላለፍ መንገድ ይከፍታል። መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉን ስናነብ አንድ ነገር ታየን፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚደረገው ነገር ጥንቅቅ ያለ ምዕራፍ አለን፤ በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ስለሚደረገው ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለንም። ስለ ጠፋው ሰው ርስት ዳኛ አለ፤ ስለ ራሱ ስለ ጠፋው ሰው ግን የሙጫ ቆርቆሮ ነው ያለው።

ለወጣት ሹሞች የምንናገረው እዚህ ላይ ነው። ከእናንተ ውስጥ አንዱ ዘንድሮ ወይም ከርሞ በዚያ ጠረጴዛ ወዲያ ይቀመጣል። ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አናነሣም። ጠፋብኝ ብሎ የመጣ ሰው በመጣበት ጣቢያ፥ የየትኛውም ወረዳ ሰው ቢሆን፥ በዚያው ሰዓት ይመዝገብ፤ ቁጥር ይሰጠው፤ መዝገቡ ይሂድ እንጂ ሽማግሌው አይሂዱ። መጨረሻ የታየበት ቦታና ሰዓት፥ የለበሰው ልብስ፥ አብሮት የታየው ሰው ይጻፍ፤ ተጽፎም ለተናጋሪው መልሶ ይነበብለት። በገጠር ፖሊሱ ሕዝቡ ችቦ አብርቶ ከመውጣቱ በፊት ደርሶ የመጨረሻውን ቦታ ያስከብር፤ ዱካ አዋቂው ከሕዝቡ በፊት ይግባ። ከዚያም ሕዝቡን ሰብስቦ ያየ የሰማ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ መሐላና መቀጮ አያስፈልገውም፥ ጥያቄው ራሱ ይበቃል። የከተማው ፖሊስ ደግሞ ደላሎች የሚውሉበትን ቦታ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ማንነቱ ያልታወቀ ሕሙም ወይም አስከሬን በሆስፒታል ያለ እንደ ሆነ፥ ከጠፉ ሰዎች መዝገብ ጋር የሚያስተያየው አንድ ሰው ይመደብ፤ አሁን ይህን የሚያደርገው ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በር ወደ ሌላው ሆስፒታል በር የሚዞር ወላጅ ነው። የብሔራዊ መታወቂያው የጣት አሻራ በተመዘገበበት በዛሬው ዘመን ይህ የማይቻል አይደለም።

ይህ ሁሉ የሠራተኛን ጊዜ ይወስዳል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከሚጠፉት ውስጥ ብዙዎቹ በራሳቸው ጊዜ ይመለሳሉ የሚልም አይታጣም። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። አሥር ሰው መዝግቦ ዘጠኙ ቢመለሱ ግን የጠፋው ቀለም ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ስለ ከተማችን ነው። ሽማግሌው አንድ የቆየ አድራሻ ይዘው ነበር የመጡት፤ በዶሮ ማነቂያ የሚኖር የአገራቸው ልጅ። የመንዝ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነበር፤ ማን የማንን ልጅ ቀጠረ፥ ማን የት ገባ፥ ሁሉን ያውቃል። ሽማግሌው ሲደርሱ ግን ቤቱ የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር እርሱም አብሮ ሄዷል። አዲሱ መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ እኛም እንወደዋለን፤ ነገር ግን በዚያ ሰፈር ጉራንጉር ውስጥ ከተጨናነቀው ቤት ጋር የአገር ቤቱ አፈላላጊም አብሮ ፈርሷል። ቤት የሚፈርስበት ሰው ካሳና ምትክ ያገኛል፤ ለዚህኛው ምትኩ ምን እንደ ሆነ ያሰበ ያለ አይመስለንም። እንግዳ ሰው የት ሄዶ ይጠይቅ? ምሰሶውም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይመስልም፤ አዲሶቹ ምሰሶዎች ወረቀት እንዳይለጠፍባቸው ይጠበቃሉ።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። በእጃቸው የቀሩትን ወረቀቶች ስንቆጥር 23 ሆኑ። በድልድዩ መደገፊያ ላይ ዘርግተን «ሰማያዊ» የሚለውን እየሰረዝን ከላይ «አረንጓዴ» እያልን ጻፍን። እርሳቸው አንድ ባንድ እየተቀበሉ ያየር ነፋስ ሲያደርቀው ይጠብቃሉ። መንገደኛው በአጠገባችን ያልፋል፤ ሁለት ሰዎች ቆመው አነበቡ፤ አንዲት ሴት ፎቶግራፉን ትክ ብላ አይታ ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ምሰሶው ላይ ያለውንም አረምነው። ጨርሰናል ብለን ብዕራችንን ስንዘጋ ሽማግሌው፦

«በአውቶቡስ ተራ የለጠፍሁትስ? በመርካቶስ? በአብነትስ? እዚያ ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚለው» አሉ።

ስንት ናቸው ብንላቸው አላወቁትም። ብዕሩን ስጠኝ አሉን። መጻፍ እንደማይችሉ አስታወስናቸው።

«መሰረዝስ አያቅተኝም። ቃሉን አሳየኝ፤ የቱ ነው?»

በጣታችን አሳየናቸው። ቅርጹን ደጋግመው አዩት፤ ከዚያ አንዱን ወረቀት አጥፈው ለምልክት በኪሳቸው ከተቱና ብዕሩን ይዘው ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረዱ።